ስለ ኦቦ ለሚ

ከሰባት ዓመት በፊት ሱሉልታ በሚገኝ አንድ ትንሽ የወተት ማቀነባበሪያ ስቀጠር የትምህርት ማስረጃዬን ያየ ሰው አልነበረም። ባለቤቱ ኦቦ ለሚ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እስላም ነህ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ሰኞ እንድመጣ ነገሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገበሬው የመጣ ወተት ታንክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በመለኪያ ይታያል፤ ከዚያ ሰው ይቀምሰዋል። መለኪያው ውሃ መጨመሩን ያውቃል እንጂ ላሟ ምን እንደበላች፣ ጣሳው በምን እንደታጠበ አያውቅም። ኦቦ ለሚና ሠራተኞቻቸው ደግሞ አጥባቂ ጿሚዎች ናቸው። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም ሲደማመር የዓመቱን እኩሌታ በዚያ ግቢ ወተት በአፉ የሚያደርግ ሰው የለም። ላም ግን አትጾምም። ስለዚህ ሰበታ ሱቅ ውስጥ ተወልጄ ሱቅ ውስጥ ያደግኩት እኔ ነስሩ፣ የጾም ቀን ወተት ቀማሽ ሆንኩ። እናቴ ሰው ሲጠይቃት «ሱሉልታ ቢሮ ይሠራል» ትል ነበር።

ቀስ በቀስ ሽያጩም ወደ እኔ መጣ፤ ወረቀቱም ተከተለው። ኦቦ ለሚ ማንበብ አቅቷቸው ሳይሆን ወረቀት አይወዱም። ወረቀት ይዤ በገባሁ ቁጥር «አንተው ፈርም» ይሉኛል። እኔም ከስማቸው በፊት «ስለ» ብዬ እጽፍና እፈርማለሁ። ስለ ኦቦ ለሚ። ሁለት ፊደል ናት። ትርጉሟም «ባለቤቱ ያውቃሉ» ነው። መቼም ያውቃሉ ማለት አይደለም፤ ግን ለወተት ርክክብ ማን ይጠይቃል?

በዚያን ጊዜ ራሴን እንደ ብልጥ ሰው ነበር የማየው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ሌሎቹ የወተት ድርጅቶች ማስታወቂያ ሲያሠሩ እኛ ዝም ብለናል። ኦቦ ለሚን ካሜራ ፊት ይቁሙ ብዬ ሁለት ጊዜ ለመንኳቸው። «የሚያወራ ወተት ካየህ ተበላሽቷል ማለት ነው» ብለው መለሱኝ። ኮምጥጦ የሚንጫጫውን ማለታቸው ነው፤ ልክም ናቸው። እኔ ግን አልተውኩትም።

ቡራዩ ውስጥ በአንዲት ክፍል ማስታወቂያ የሚሠራ ሚኪ የሚባል ሰው አገኘሁ። ሰውዬው መቆም አያስፈልጋቸውም አለኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያወሩ የተቀረጸ ካመጣሁለት ፊታቸውንና ድምፃቸውን ኮምፒውተሩ ይማረዋል፤ ከዚያ ሚኪ የጻፈውን ሁሉ ሰውዬው ራሳቸው እንደሚናገሩ አድርጎ ያወጣዋል።

«ይሄ ዲፕፌክ የሚሉት አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ዲፕፌክ የሚባለው ሲሰርቁበት ነው» አለኝ ሚኪ። «ሲሸጡበት ማስታወቂያ ይባላል።»

ለወተቱ ካርቶን ፎቶ ላነሳዎት ነው ብዬ ኦቦ ለሚን በሰማያዊው በር ፊት አቆምኳቸው። ስልኬን ቀረጻ ላይ አድርጌ ስለ ላሞቻቸው ጠየቅኳቸው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወሩልኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ ያን ያህል አውርተውኝ አያውቁም። ደስ ብሏቸው ስለነበር በመጨረሻ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሚኪ ጋ ስሄድ ሁለት ገጽ ውል ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። ሁለተኛው ላይ እንደ ልማዴ «ስለ» ብዬ ፈረምኩ።

ማስታወቂያው ሃያ ሴኮንድ ነበር፤ ያምራል። ኦቦ ለሚ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ስለሆነ አላዩትም። ያዩት ሠራተኞችም እሳቸው የፈቀዱት መስሏቸው አላነሱትም። ሽያጫችን ትንሽ ከፍ አለ፤ እኔም በልቤ ራሴን አመሰገንኩ።

ያን ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገናኙ። ይህ ለወተት ነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። በዐቢይ ጾም ክርስቲያኑ ወተት አይገዛም። ድርጅታችንን የሚያቆመው የእስላሙ የማፍጠሪያ ወተት ብቻ ነው፤ እሱንም ቡራዩ ላይ ለሱቆች የሚያከፋፍለው አጎቴ ሐጂ ሰዒድ ነው። ቀማሽ ደግሞ የለንም፤ እኔም ጾም ላይ ነኛ። ለነዚያ ሳምንታት መለኪያውን አምነን ነበር የምንሠራው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሐጂ ሰዒድ ደወለ።

«ነስሩ፣ ሰውዬህን አየኋቸው» አለኝ።

«የት?»

«ስልኬ ላይ። ወተት እየጠጡ ነው።»

«ሐጂ፣ ጾም ነው። አይጠጡም።»

«እኔም እንደሱ ነው ያልኩት» አለ። «ግን እየጠጡ ነው።»

ቪዲዮውን ላከልኝ። ኦቦ ለሚ በሰማያዊው በር ፊት ቆመዋል። ወተቱ እንዳይበላሽ ሬሳ የሚያደርቁበትን ፎርማሊን ስንጨምርበት እንደኖርን፣ ኅሊናቸው አላስችል እንዳላቸው ይናገራሉ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ወተት ያነሳሉ። «እዩት፣ እኔ ራሴ ስጠጣው እንኳ ጣዕሙን አልለየውም» ብለው ግጥም ያደርጉታል። የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት መሆኑንም ራሳቸው ይናገራሉ፤ ለንስሐ የመረጡት ጊዜ ነው ለማለት መሰለኝ። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ጾሙን አውቆ ጠቅሶታል፤ በጾም ወተት እንደማይጠጣ ግን አላሰበበትም።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። በሩን፣ ሸሚዙን፣ የቆሙበትን ቦታ አወቅኩት። እኔ ነኝ ያቆምኳቸው።

ለኦቦ ለሚ ስልኬን ሰጠኋቸው። ሦስት ጊዜ አዩት። «ጥሩ አማርኛ ይናገራል» አሉ በመጨረሻ። እውነት ነው። ኦቦ ለሚ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ኦሮምኛ ይገባበታል፤ ቪዲዮው ላይ ያሉት ግን ዜና አንባቢ ናቸው። ከዚያ ወደ ታንኩ ሄደው ክዳኑን ነክተው ተመለሱ። ማን እንደሠራው አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም። ያኔ መናገር ነበረብኝ።

አራት ሰዓት ላይ መኪናዎቻችን ከነጭነታቸው ይመለሱ ጀመር። አምስት ሰዓት ላይ ፖሊስ ጣቢያ ነበርን። መርማሪው ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠንና ስም አጥፊው ማን እንደሆነ ጠየቀ። አይታወቅም፣ ቪዲዮው ላይ የሚናገሩት ግን ኦቦ ለሚ ናቸው አልኩት። ስማቸው የጠፋውስ ማነው አለ። ኦቦ ለሚ አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ሁለታችንንም አየን። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ እንዳለ፣ ሊያስከስስ እንደሚችል፣ ግን መጀመሪያ ከየትኛው ስልክ እንደወጣ በባለሙያ መጣራት እንዳለበት በትዕግሥት አስረዳን። ስንት ቀን ይፈጃል ብዬ ስጠይቀው ሳምንታት አለ። ሕጉ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የሚቸኩለው ወተቱ ነው።

ከጣቢያው ስንወጣ የኦቦ ለሚ የንስሐ አባት ደወሉላቸው። ስለ ፎርማሊን አንድ ቃል አላነሱም። «ለሚ፣ ጠጥተሃል ወይ?» ነው ያሏቸው። የሱሉልታም ሰው ግማሹ እንደዚያው ነበር። ሰው መመረዙ አሳስቦት የደወለውና ጾም መሻሩ አሳዝኖት የደወለው ቢቆጠር ሁለተኛው ይበልጣል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገበሬዎቹ የከሰዓቱን ወተት ይዘው መጡ። የተመለሰው ካርቶን ተከምሮ ማቀነባበሩን ስላቆምን ታንኮቻችን በጠዋቱ ወተት እንደሞሉ ናቸው፤ የምንቀበልበት የለንም። ስልሳ የሚሆን ሰው ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ በሩ ላይ ቆመ። ከፊት የነበሩት አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ናቸው። ሁለት ላም አላቸው፤ ቤታቸው የሚተዳደረው በነዚያ ሁለት ላሞች ነው። ወተታችንን ካልተቀበላችሁ ዛሬ ደጃችሁ ላይ ደፍተነው እንሄዳለን አሉ። ቀጥሎም ወደ ኦቦ ለሚ ዞሩ።

«ንጹሕ ከሆነ ከታንኩ ይቅዱና እኛ ፊት ይጠጡት» አሏቸው።

ቢጠጡ ነገሩ ያበቃ ነበር። ገበሬው ይረጋጋል፣ አንዱ በስልኩ ይቀርጸዋል፣ እስከ ማታ ቡራዩ ይደርሳል። እኔ እንኳ በልቤ ጠጡት፣ እግዜር ይቅር ይላል እያልኩ ነበር፤ የሌላ ሰው ጾም መሻር ቀላል ነው። ኦቦ ለሚ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ያኛው ጠጥቷል» አሉ። «እኔ ጾመኛ ነኝ።»

አዴ ጫልቱ አንገታቸውን ደፉ። ከኋላ አንድ ሰው «ዱጋ ነው» አለ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው።

በዚህ መሀል ሐጂ ሰዒድ ፒካፑን እያስነፋ ገባ። የተመለሱ ካርቶኖች ጭኗል። ለኦቦ ለሚ በክብር ሰላምታ ሰጠና፣ ቪዲዮውን አላምንም፣ ደንበኞቼ ግን አምነዋል፤ ሰው ሲጠጣው በዓይኔ አይቼ ካልመሰከርኩ አንድ ካርቶን አልሸጥም አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ቀማሹ እኔ ነኛ። ጾመኛ ነኝ አልኩ። ወደ ሐጂ ዞሩ። እሱም ጾመኛ ነው። ሁለት ሺህ ሊትር ወተት መሀል ስልሳ ሰው ቆመናል፤ ሊቀምስ የሚችል አንድ አልተገኘም። ሕፃን ፈልጉ ያለ ነበር። እናቶቹ ዞረው ሲያዩት ቃሉን ዋጠ።

«መግሪብ ይጠበቅ» አለ ሐጂ። ጾም እስኪፈታ ከሦስት ሰዓት በላይ ይቀራል። ሰዉም ጣሳውን ጥላ ውስጥ አስገብቶ ተቀመጠ።

እኛ ስንጠብቅ የድርጅቱ ጠበቃ ወይዘሮ ሰናይት መጡ። ጠዋት ማስታወቂያውን ማን እንደሠራው ሲጠይቁኝ የሚኪን ስልክ ሰጥቻቸው ነበር፤ የሰጠሁት ግን ስለ ውሉ ሳልናገር ነው። ሚኪ አልካደም። በኮምፒውተሩ የሚያስቀምጣቸውን ፊቶች ለደንበኛ ያከራያል፤ «አባት የሚመስል ገበሬ» ፈልጎ በቴሌግራም የመጣ አንድ ሰው ኦቦ ለሚን መርጧል። የሰውየውን ስም አያውቅም። እንደ እሱ አባባል ግን ምንም ጥፋት የለበትም፤ ወረቀት አለው። ወረቀቱንም ልኮላቸዋል።

ወይዘሮ ሰናይት አጥሩ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጮክ ብለው አነበቡት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ምስሌንና ድምፄን ለማንኛውም ዓላማ፣ ያለ ጊዜ ገደብ፣ ለሦስተኛ ወገን ጭምር እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ ይላል። እዚያው ግቢ ውስጥ ሆኜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት።

«የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ አይወጣም የሚል ሕግ አለን» አሉ ወይዘሮ ሰናይት። «ስልክ የሚባል ነገር በኪስ ሳይያዝ የተጻፈ ነው፤ ግን ይሠራል። በዲፕፌክ ስም የወጣ ሕግ ባይኖርም ይህን ይዤ መከራከር እችላለሁ። ችግሩ ፈቃዱ ነው። ኦቦ ለሚ፣ ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው?»

ስልኩን ሰጧቸው። ኦቦ ለሚ ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዙት። ፊርማውን አዩ፤ ከፊርማው በፊት ያለችውን ቃል አዩ። በዚያ ግቢ «ስለ» ብሎ የሚፈርም አንድ ሰው ብቻ ነው። ወደ እኔ ግን አልዞሩም።

«ከቤቴ የወጣ ፊርማ ነው» አሉ።

«እሱ መልስ አይሆንም» አሉ ጠበቃዋ። «የእርስዎ ከሆነ ክስ የለንም። ውሉ የጸና ነው፤ እነሱ ፊትዎን እንደፈለጉ ያደርጉታል። ያለ ፈቃድዎና ያለ ውክልና የፈረመ ሰው ካለ ግን ውሉ ይወድቃል። ሰውየው ግን ተጠያቂ ይሆናል።»

ኦቦ ለሚ ስልኩን መለሱላቸው። ሊሸሽጉኝ ፈልገው ነው። እኔን ለማትረፍ ፊታቸውን ሊሰጡ ነው። ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ እንደዚያ ሰዓት ያፈርኩበት የለም። ማልቀስ ጀመርኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አያውቁም። ፎቶ ነው ብዬ ዋሽቻቸው የቀረጽኩትም እኔ ነኝ፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩትም።»

ስልሳው ሰው ሰማ። ሐጂ ሰዒድ «ላ ሐውለ» ብሎ ፊቱን አዞረ። አዴ ጫልቱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። አንዱ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ፤ ለመምታት ይሁን ለማጽናናት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ኦቦ ለሚ በእጃቸው አስቆሙት።

«ታኢ» አሉኝ፤ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።

ከሩቅ መስጊድ አዛን ሲሰማ ኦቦ ለሚ ተነሱ። ራሳቸው ሄደው ከታንኩ በብርጭቆ ቀድተው አመጡ፤ ለሐጂ አንድ፣ ለእኔ አንድ። ቢስሚላህ ብለን ጠጣን። ሰዉ ሁሉ ጉሮሯችንን እያየ ነበር። ጣዕሙ ደህና ነው። ያን ዕለት ግን ቀማሽ ሆኜ እመሰክራለሁ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም። የመሰከረው ሐጂ ነው። «ወተት ነው» አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። የራሱን ካርቶኖች ከፒካፑ አላወረደም፤ ከታንኩም ወተት አቀነባብረን እስክናሽግለት ጠብቆ ጨምሮ ጫነ። እንደዚያ ነው ለአዴ ጫልቱ ወተት ቦታ የተገኘው። ገበሬው አንድ ጣሳ ሳይደፋ ገባ።

ድርጅቱ ተረፈ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ከሱቆቹ ሲሶው እስከ ዛሬ አልተመለሱልንም። እኔም የሆነውን ሁሉ በስልክ ቀርጬ በስሜ አወጣሁት። ከሥሩ የመጣው የመጀመሪያ አስተያየት «ይሄም ፌክ ነው» የሚል ነበር። ሰው እንዴት አያምነኝም አልልም፤ እኔ ራሴ አልዋሸሁም እንዴ?

እናንተ ይህን የምታነቡ ነጋዴዎች፣ ሥራ አስኪያጆች፣ ለአለቃችሁ የምትፈርሙ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ ሰው ሲያስፈራራችሁ ትሰማላችሁ። እኔን ያጠፋኝ ኮምፒውተሩ አይደለም። ኮምፒውተሩ የሰጠሁትን ነው የወሰደው። የሰው ፊትና ድምፅ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ የድርጅት ዕቃ መስሎኝ ሳልጠይቅ አከራየሁት። ሕጉ ነገ ይሻሻል ይሆናል፤ ወይዘሮ ሰናይት ይሻሻላል ይላሉ። እስከዚያው ግን ሁለተኛውን ገጽ አንብቡ። ባለቤቱንም ጠይቁ፤ እንቢ ካለ እንቢ ብሏል።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ወይዘሮ ሰናይት የክሱን ማመልከቻ አዘጋጁ። አንደኛ ተከሳሽ ሚኪ፣ ሁለተኛ ተከሳሽ እኔ። ኦቦ ለሚ የጎረቤት መነጽር ተውሰው፣ አንድ ሰዓት ያህል ፈጅተው፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበቡት። ሲጨርሱ እኔን አዩኝ።

«የተጻፈው እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው።»

በገዛ እጃቸው ፈረሙ። ከሥራ አላስወጡኝም። ቀጠሮ ሲደርስ ከሱሉልታ በአንድ ሚኒባስ እንሄዳለን። ከሳሽ ሁልጊዜ የሁለቱንም ሒሳብ ይከፍላሉ፤ ተከሳሽ እንቢ ቢልም አይሰሙትም።

ባለፈው ቀጠሮ የሚኪ ጠበቃ ቪዲዮው ላይ ያሉት እውነተኛው ኦቦ ለሚ ላለመሆናቸው ማስረጃ የለም ብሎ ተከራከረ። የባለሙያው ውጤት ገና አልመጣም። ዳኛዋ ከሳሹን አስነሷቸው።

«ቪዲዮው ላይ የሚታዩት እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«የእርስዎ ፊት ነው፣ የእርስዎ ድምፅ ነው። እርስዎ አለመሆንዎን የሚያውቅልዎ ማነው?»

ኦቦ ለሚ ችሎቱን ዞር ዞር ብለው አዩ። ወደ ጠበቃቸው አላመለከቱም። ጣታቸውን ወደ እኔ፣ ወደ ሁለተኛው ተከሳሽ ወንበር ዘረጉ።

«እሱ ያውቀኛል» አሉ።